«የመጨረሻው ፋይናል»፦ ጅማ ውስጥ የአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጉዳይ

ሰኔ 2015 ነው። ጅማ ላይ ሰኔ ማለት ዝናብ ነው። አንዲት ተመራቂ ተማሪ ፌስታል ደረቷ ላይ አቅፋ የእህቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። እሱ ውስጥ ደግሞ በሶፍት የተጠቀለለ ፍላሽ። ልጅቷ ከራሷ እስከ ጫማዋ በስብሳለች። ፍላሹ ግን ደረቅ ነው።

«እትዬ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ማስረከብ አለብኝ። ሦስት ኮፒ፣ ከነስፓይራሉ።»

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። እህቴ ፍላሹን ሰካች። ፎልደሩ ተከፈተ። ውስጡ ያለው ሾርትከት ብቻ ነው፤ ሲነካ አይከፈትም። የጅማ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይህን ቫይረስ በደንብ ያውቁታል። አንዱ ኮምፒውተር ከያዘው የመጣ ፍላሽ ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

«ቫይረስ በልቶታል ልጄ። አስጸድተሽ ነይ» አለቻት እህቴ። ክፋት አልነበረም። ለዓመታት ስትሰጥ የኖረችው መልስ ነው። ልጅቷ ፍላሿን ተቀብላ ወጣች። እንባዋ ይሁን ዝናቡ መለየት አልተቻለም።

አግዳሚው ላይ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። ኪቶ ፉርዲሳ ያለው የቴክኖሎጂ ግቢ ተማሪ ነው። የአገሩን ልጅ ፍለጋ ወደ ዋናው ግቢ መጥቶ አራት ገጽ ኮፒ እያሠራ ነበር። «ፋይሉ እኮ አልጠፋም» አለ። «ተደብቆ ነው።» ኮፒውን ሳይቀበል ተከትሏት ወጣ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሁለቱም ጎረቤት ሱቅ ውስጥ ቆመው አየናቸው። ላፕቶፑን ከፍቶ ፋይሉን አውጥቶላታል። ማሽኑ እያተመ ነው። የጎረቤት ማሽን።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየች። ምንም አልተናገረችም። እኔ ለእረፍት ከአዲስ አበባ መጥቼ አጠገቧ ነበርኩ። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ከዚያ ቀን ተነስቼ ነው። የሱቁን ስምና የሰዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ።

ሱቁና ከተማው

እህቴ ሱቁን የከፈተችው በ2006 ነው። ሁለት ያገለገሉ ኮፒ ማሽኖች፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ላሚኔሽን፣ ስፓይራል መብሻ። ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በር ብዙም አይርቅም። ወረፋው እስከ አስፋልቱ የደረሰበት ዘመን ነበር።

ጅማ ላይ ወረቀት የሚፈለግበት የራሱ ምክንያት አለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች 1999 ሲመሠረት ሁለት ነባር ተቋማት ተዋህደው ነው፤ በ1952 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተከፈተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት። ከዚያ የወረሰው ትልቅ ነገር ትምህርቱን ወደ ኅብረተሰቡ ይዞ መውጣት ነው። ተማሪው ሲቢቲፒ ይለዋል። በቡድን ሆነው ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራሉ፣ ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፣ ችግሩን ይለያሉ፣ ሪፖርት ያቀርባሉ። የጤና ተማሪዎች ደግሞ ቲቲፒ አላቸው። ከተለያየ ትምህርት ክፍል የተውጣጡ ተመራቂዎች አንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይመደባሉ።

ይህ ለአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ ቡድን ሲወጣ በመቶ የሚቆጠር መጠይቅ ያባዛል። ሲመለስ ሪፖርት ያሳትማል። መጠይቁ ብዙ ጊዜ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ነው፤ ሥራው እጥፍ ይሆናል። እህቴ በደህናው ጊዜ በአንድ ሳምንት ብቻ ካርቶን ካርቶን ወረቀት ትጨርስ ነበር። አንድ ካርቶን አምስት እሽግ ነው። አንዱ እሽግ 500 ወረቀት።

ከዚያ ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ፣ ግቢው ተዘጋ፣ ተማሪው ወደየቤቱ ሄደ። ሲመለስ እንደ በፊቱ አልነበረም። ሃንድአውት በቴሌግራም መላክ ተለምዷል። መምህሩ ፒዲኤፉን ግሩፕ ላይ ይለቀዋል፤ ተማሪው ስልኩ ላይ ያነባል። መጠይቁም ወደ ስልክ ሄደ። ኮቦ የሚባለው መተግበሪያ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ እንኳ መልስ ይመዘግባል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። መቶ መጠይቅ የሚያባዛው ቡድን አንድም ገጽ ሳያሳትም ወጥቶ መግባት ጀመረ።

እህቴ ግን ይህን አላየችም። እኔም ብሆን ላላይ እችል ነበር። እሷ ያየችው ሌላ ነገር ነው። በግራና በቀኝ ሁለት አዳዲስ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ተከፍተዋል። ገቢዋ የቀነሰው በእነሱ ነው ብላ አመነች።

የሃምሳ ሳንቲም ጦርነት

እህቴ አንድ ገጽ ፕሪንት 3 ብር ታስከፍል ነበር። ጎረቤት 2 ብር ከ50 አደረገው። እሷም ወረደች። ሌላኛው 2 ብር ከ25 ብሎ በካርቶን ጽፎ ሰቀለ። እሷ ቀለም ቆጥባ 2 ብር ገባች። የቆጠበችው ቀለም ሥራውን አደበዘዘው። ሰው «ደብዝዟል» ብሎ መመለስ ጀመረ። የተመለሰውን በነፃ ደግማ ታትማለች። ሦስት ወር እንዲህ ቆይታ ወደ 3 ብር ተመለሰች፤ ስትመለስ ደግሞ የቀረችው ውድ ሱቅ ሆና ነው።

«እታለም፣ በገጽ ስንት ይተርፍሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። አላወቀችውም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ያኔ ደረጃ «ሐ» ነበር፤ ግብሩ በቁርጥ ይተመንለት ነበር፣ መዝገብ እንዲይዝም አይገደድም ነበር። ይህ ለትንሽ ነጋዴ እፎይታ ነበር። ሌላ ጎን ግን ነበረው። ማንም ስላልጠየቃት ራሷንም ጠይቃ አታውቅም።

እኔ ደብተር ገዛሁና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት። የጻፍኩት ብር አይደለም። ደንበኛው ገና እንደገባ የሚናገረውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። «ስንት ነው?» ብሎ የሚጀምር ይበዛል ብዬ ነበር። አልበዛም። የሚበዛው «አሁን ይደርሳል?» ነው። ቀጥሎ «ቴሌግራም ላይ ብልክልሽ ይሆናል?» ከዚያ «ይሄ ፊደል ለምን ተበላሸ?» ዋጋ የሚጠይቁት ብዙ ገጽ የያዙት ናቸው።

ሒሳቡን ስትሠሩት ትክክል ናቸው። አራት ገጽ የሚያሳትም ልጅ 3 ብር ቢከፍል 12 ብር ነው፤ ጎረቤት ቢሄድ 10። ለሁለት ብር ብሎ በዝናብ መንገድ አይሻገርም። ስልሳ ገጽ ጥናት በሦስት ኮፒ የያዘች ግን 180 ገጽ አላት። እኛ ጋ 540 ብር፣ ጎረቤት 450። ዘጠና ብር ለተማሪ ምሳም እራትም ነው። እህቴ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ነበራት። ዋጋ የማያስጨንቀውን ለማስደሰት ዋጋ ቀንሳ ከሰረች፤ ዋጋ የሚያስጨንቀውን ደግሞ ለጎረቤት ሰጠች።

ሌላ ያየሁት ነገር ጠረጴዛው ስር ያለው ካርቶን ነው። የተበላሸ ወረቀት የሚጣልበት። አንድ ሳምንት አጠራቅመን ብንቆጥረው ከግማሽ እሽግ በለጠ። አንድ በአንድ አገላብጬ አየሁት። አብዛኛው የማሽን ብልሽት አይደለም። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል፤ የታተመው እሱ ነው። የተማሪው ዎርድና የሱቁ ዎርድ ስሪታቸው ሲለያይ ሠንጠረዡ ወደ ቀጣዩ ገጽ ይወርዳል፣ ማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥር ይፋለሳል። አንዱ ጥናት ላይ የግራው ማርጅን ጠባብ ስለነበር ስፓይራሉ ፊደሉን በስቶታል። «መደምደሚያ» ከሚለው ቃል «መ»ዋ ቀዳዳ ውስጥ ገብታለች። ያቺን ገጽ አሁንም አስቀምጫታለሁ።

«ደላላ»

የፍላሹ ልጅ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ከፍሎ ያልወሰደውን አራት ገጽ ፍለጋ አይደለም። ሥራ ይዞ ነው። ለካ ዶርም ውስጥ ጀምሯል። ማታ ማታ የብሎኩ ልጆች ፋይላቸውን በቴሌግራም ይልኩለታል። ያስተካክልላቸዋል። ጠዋት ወደ ከተማ ሲወጣ አሳትሞ ያመጣላቸዋል። በቴሌብር ይከፍሉታል። ማሽን የለውም፣ ሱቅ የለውም፣ ንግድ ፈቃድ የለውም። ያለው ላፕቶፕና የሰዎቹ እምነት ነው።

«ለእኔ በ2 ብር ካተምሽልኝ በየቀኑ አመጣለሁ» አላት።

እህቴ ተቆጣች። «አንተ ልጅ፣ የእኔን ደንበኛ ወስደህ መልሰህ ለእኔ ትሸጥልኛለህ? ይሄ ድለላ ነው!»

እሱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ የኪቶ ልጆች መቼ መጥተውልሽ ያውቃሉ?» አላት።

ዝም አለች። እውነቱን ነው። ከቴክኖሎጂው ግቢ ለአሥር ገጽ ብሎ ባጃጅ ይዞ እዚህ የሚመጣ የለም። እነዚህ ሰዎች ከእሷ አልተወሰዱም። ድሮም የእሷ አልነበሩም።

እኔ ያመንኩት ያኔ ነው። ልጁ ከእህቴ የበለጠ ነጋዴ ስለሆነ አይደለም። እሷ አሥር ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ነጋዴ ናት፤ ቀለም የት እንደሚገኝ፣ ማሽን ሲንጫጫ የቱ ሮለር እንዳለቀ በድምፁ ታውቃለች። ልጁ የሚበልጣት ራሱ ደንበኛ በመሆኑ ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ማውጫው አልስተካከል ያለውን ሰው ጭንቀት ከውስጥ ያውቀዋል። ትናንት እሱም ላይ ደርሷል። ስለ ተማሪ ሥራ ፈጣሪነት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው አዲስ ሐሳብ፣ ውድድር፣ ሽልማት ነው። ይህ ልጅ አዲስ ሐሳብ አልነበረውም። የነበረው ቅርበት ነው።

ሁለት ቀን አከራከርኳቸው። በመጨረሻ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፍን። ልጁ ለሚያመጣው ሕትመት 15 በመቶ ያገኛል። ለማስተካከል ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ 60 በመቶው የእሱ፣ ቀሪው የሱቁ፤ ምክንያቱም የሱቁን ኮምፒውተርና መብራት ይጠቀማል። ደረሰኝ የሚቆረጠው በሱቁ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የቡድን ገንዘብ የሚያወጡ ተማሪዎች ደረሰኝ ይፈልጋሉ፤ ልጁ ብቻውን ሆኖ እነሱን ማስተናገድ አይችልም ነበር።

ዋጋውም ተለወጠ። ከመቶ ገጽ በታች 3 ብር፣ ከዚያ በላይ 2 ብር ከ50። ማውጫ፣ ማርጅንና ሠንጠረዥ ማስተካከል ለብቻው ይከፈላል። እህቴ ይህን ፈራችው። «በነፃ ስሠራው የኖርኩትን ሰው ይከፍላል?» አለች። ከፈሉ። እንዲያውም አንዳንዱ ለማስተካከያው ሳይከራከር ከፍሎ ስለ ወረቀቱ ይከራከራል።

በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ፋይላችሁን ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ ላኩ።» ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚመጣ ፊደል አይበላሽም፣ ገጹም አይንሸራተትም። ፍላሽ መቀበል ባይቀርም ቀነሰ። ከቫይረሱም ተገላገልን። ጠረጴዛው ስር ያለው ካርቶን ለመሙላት ከአንድ ወር በላይ የፈጀበት ጊዜ መጣ።

የተሳሳተው ፋይናል

ሁሉም ነገር የተሳካ አይምሰላችሁ። ጥር 2016 ላይ አንድ የቲቲፒ ቡድን ሪፖርቱን ላከ። ሰባ ገጽ፣ አራት ኮፒ፣ ሃርድ ከቨር። የላከው ፋይል አንድ አልነበረም። በሁለት ቀን ውስጥ አራት ፋይል መጣ። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» እና «ፋይናል የታረመ»። የላኩትም ሦስት የተለያዩ የቡድኑ አባላት ናቸው።

ልጁ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚለውን አሳተመ። ማንም ሰው ያንኑ ያደርግ ነበር። እዚያው ጅማ መርካቶ አካባቢ ወዳለው ጠራዥ ተላከ። ቀይ ሽፋን፣ ወርቃማ ጽሑፍ፣ በጣም ያምር ነበር። ቡድኑ መጥቶ ገለጠው። አማካሪያቸው አርሙት ያላቸው ሠንጠረዥ አልታረመም። ትክክለኛው «ፋይናል የታረመ» ነበር።

ሱቁ ውስጥ ያ ቀን ከባድ ነበር። 280 ገጽ ነው፤ ወረቀቱ ብቻ 700 ብር። ሃርድ ከቨሩ ሲጨመር የልጁን የብዙ ቀን ድርሻ ይበላል። እህቴ «ያተመው ይክፈል» አለች። ልጁ «የላኩት ይክፈሉ» አለ። ቡድኑ «እኛ በጊዜ ልከናል» አለ። ሦስቱም በከፊል እውነት አላቸው። የሚያስረክቡት ግን በማግስቱ ነው።

እህቴ በመጨረሻ ማሽኑን አበራች። «መጀመሪያ ይታተም፣ ከዚያ እንጣላለን» አለች። ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ ሠሩ። ጠራዡን ከቤቱ ጠርተው አስከፈቱት። ወጪውን እህቴና ልጁ እኩል ተካፈሉ። ቡድኑ ጠዋት ሪፖርቱን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ሄደ። ተመልሶ ግን አልመጣም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ስህተቱን አርመህም ደንበኛህን ልታጣ ትችላለህ፤ ያየህ ሰው የሚያስታውሰው የታረመውን ብቻ አይደለም።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሕግ ወጣ። ምንም ነገር ከመታተሙ በፊት የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጨረሻው ገጽና የገጹ ብዛት ፎቶ ተነስቶ ለደንበኛው ይላካል። «ይሄ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። «አዎ» እስኪመጣ ድረስ ማሽን አይነካም። ከቡድን ደግሞ ፋይል የሚላከው በአንድ ሰው ብቻ ነው። ልጁ ይህን ሲያስተዋውቅ አንዳንዶቹ ተሰላቹ። በሁለት ወሩ ግን ራሳቸው «አዎ ልላክልህ እንዴ?» ማለት ጀመሩ። ስንቱ «አዎ» ሊል ሲል «ቆይ ቆይ» ብሎ ሌላ ፋይል እንደላከ ብታዩ ትገረማላችሁ።

ያልተሠራው ሥራ

የደንበኛ ፍላጎት ይከበር ሲባል እስከምን ድረስ? ይህ ጥያቄ በአንድ ሰው ተመስሎ ሱቃችን ገባ። መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ ማስተርስ የሚማር ሰው ነው። በትህትና ነው የተናገረው። ጊዜ የለውም። ጥናቱን ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ እንዲጨርሱለት ይፈልጋል። ያቀረበው ገንዘብ የሱቁን የሁለት ወር ኪራይ ይከፍላል።

ይህ ገበያ አለ። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ሁሉ አለ። በር ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» ተብሎ ይለጠፋል፤ ውስጥ ግን ከምክር ያለፈ ይሸጣል።

ልጁ አመነታ። አልፈርድበትም። ቤተሰቡ ገጠር ነው፣ ወጪውን የሚችለው ከዚሁ ሥራ ነው። «እትዬ፣ እኛ ባንሠራለት ሌላ ይሠራለታል» አላት።

«ይሥራለት» አለች። ትንሽ ቆይታ ጨመረች። «ልጄ ሲያማት ሆስፒታል የምወስዳት እዚሁ ነው። የሚያክማት ከዚሁ ግቢ የወጣ ነው። ጥናቱን እኔ ጽፌለት ቢሆንስ?»

ሰውየው የሚማረው ሕክምና አልነበረም። ግን ነገሩ ገብቶናል። ልጁም ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አላነሳም። ግድግዳው ላይ ሌላ ወረቀት ተለጠፈ። የምንሠራው፦ ማርጅን፣ ማውጫ፣ ሠንጠረዥ፣ የገጽ ቁጥር፣ ሕትመት፣ ጥራዝ። የማንሠራው፦ የእናንተን ሐሳብ። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው እንደሄደ አልቆጠርኩም። የሄደ ግን አለ፤ የሄደውም ደህና ገንዘብ ይዞ ነው። ይህን ጉዳይ ለንግድ ተማሪዎች ሳወራ «ታዲያ ተወዳዳሪነቱ የት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔ እህቴ ትክክል ናት እላለሁ። ሒሳብ ሠርቼ ላሳያቸው አልችልም። እንዲሁ አምኜበት ነው።

ከሐምሌ 2016 በኋላ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ቀለም ከውጭ ነው። መለዋወጫም ከውጭ ነው። ወረቀቱም ተወደደ። የገጽ ዋጋ መጨመር ግድ ሆነ፤ ጎረቤቶቹም ጨመሩ።

ልዩነቱ የተነገረበት መንገድ ነው። ድሮ ቢሆን እህቴ በካርቶን ጽፋ ትሰቅል ነበር። ልጁ ግን የአሮጌውንና የአዲሱን ካርቶን ወረቀት ደረሰኝ ጎን ለጎን ፎቶ አንስቶ የደንበኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀ። ከሥሩ «ከሰኞ ጀምሮ ዋጋ እንጨምራለን፤ እስከ እሑድ የላካችሁ በድሮው ነው» ብሎ ጻፈ። ያ እሑድ ማታ ሱቁ እስከ አራት ሰዓት ክፍት ነበር። ማሽኑ ከመጠን በላይ ሞቆ መሀል ላይ ቆመ። እህቴ ወደ ጎረቤት ሄደች። ያ የሃምሳ ሳንቲሙ ጎረቤት ማሽኑን ከፈተላት። የተረፈው ሥራ እሱ ጋ ታተመ፤ የድርሻውን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ጋ ቀለም ሲያልቅ ሌላው ያበድራል።

የሱቁ ገበያም ቅርጹን ቀይሯል። ሃንድአውት አይመለስም። መጠይቅም አይመለስም። በምትኩ ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚፈተነው የመውጫ ፈተና መጣ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፤ የሚጠናው ግን በወረቀት ነው። ተማሪው የአራት ዓመት ትምህርት በስልክ ስክሪን መከለስ ያቅተዋል። ስድስት ሆነው አንድ ጥራዝ ያሠራሉ፣ ይከፋፈላሉ፣ ይጠያየቁበታል። ይህን ያየው ልጁ ነው፤ እሱም ሊፈተን ስለነበር።

መፍትሔ ያላገኘንላቸው ነገሮች አሉ። ማሽኖቹ አርጅተዋል፤ ለአዲስ ማሽን የሚቀመጥ ገንዘብ በየወሩ ይጀመራል፣ በየወሩ ይነካል። ደብተሩ አሁን ይያዛል፣ ግን ፈተና ሰሞን ሥራ ሲበዛ ይረሳል። ከሁሉም የባሰው ግን ይሄ ነው። ሱቁን ከደንበኛው ያገናኘው ሰው ተማሪ ነው። ተማሪ ደግሞ ይመረቃል።

ይህን የምናውቀው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። የተዘጋጀንበት ግን 2017 ሲጋመስ ነው። ልጁ ከዋናው ግቢ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አመጣ። እሷም ደንበኛ ነበረች፤ ሕጉ ካሰለቻቸው ሰዎች አንዷ። ሦስት ወር አብራው ሠራች። በመጀመሪያ ሳምንቷ ሁለት ፋይል አቀላቀለች፤ ግን ለደንበኛው ልካ ስለጠየቀች ሳይታተም ተያዘ። ግንቦት ላይ የቴሌግራሙን አካውንት ሙሉ በሙሉ ተረከበች። እህቴ ልቧ አላረፈም። «እሷም በሁለት ዓመት ትሄዳለች» ትለኛለች በስልክ። እውነቷን ነው። አሁን ስምምነቱ ላይ አንድ መስመር ጨምረናል፦ የሚወጣ ሰው ከመውጣቱ አንድ መንፈቅ በፊት የሚተካውን ያመጣል።

ሰኔ 2017 ጅማ ነበርኩ። ዝናቡ እንደ ልማዱ ነው። ልጁ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ገባ፤ ጃኬቱ ውስጥ ላፕቶፑን ደብቆ። የመጣው ለሥራ አይደለም። የራሱን የመመረቂያ ጽሑፍ ሊያሳትም ነው። እስከ አሥር ሰዓት ማስረከብ አለበት። ጊዜው ስምንት ሰዓት ከሩብ።

«ቶሎ በይ፣ ልኬልሻለሁ፣ አትሚው» አላት።

ልጅቷ ቀና አላለችም። ፋይሉን ከፈተች። ስልኳን አነሳች። የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አነሳች፣ የመጨረሻውን አነሳች። ላከችለት። ፊት ለፊቷ ቆሞ ስልኩ ጮኸ።

«64 ገጽ። ይሄ ነው?»

«ኧረ በናትሽ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

እጇን ከማሽኑ ላይ አንስታ ጠበቀችው። እህቴም ከጠረጴዛው ጀርባ ሆና ታየዋለች። ልጁ ስልኩን ከፈተ። ገጹን ተመለከተ። ጣቱን «አዎ» ለመጻፍ አስጠግቶ ቆመ።

«ቆይ» አለ። «ቆይ፣ ሌላ ልላክልሽ።»